የክርስትና ስሜ ማን ነው? ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ሁለት ሰው ሲተዋወቅ ቀድሞ የሚመጣው «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ነው። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን ብሎ መመለስ ለማንም አይከብድም። ቄሱ ጠበል ሊያጠምቁ ወይም ሊናዝዙ ሲሉ የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፤ «ስመ ክርስትናህ?» ሲባል ብዙ ሰው አጠገቡ ወዳለችው እናቱ ዞር ይላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው።

ስመ ክርስትና ከዓለም ስሜ በምን ይለያል?

የዓለም ስም የወላጆችን ምኞት፣ ትዝታ ወይም ዘመን ይናገራል። አበበ፣ ትዕግሥት፣ ድል ነሣው ስንል ስሙን ያወጣው ሰው የተሰማውን እንሰማለን። ስመ ክርስትና የሚናገረው የማን እንደሆናችሁ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ዝምድናውን፣ ሁለተኛው ባለቤቱን ይገልጻል። ገብረ «አገልጋይ»፣ አመተ «ሴት አገልጋይ»፣ ወልደ «ልጅ»፣ ወለተ «ሴት ልጅ»፣ እኅተ «እኅት»፣ ኃይለ «ኃይል»፣ ተክለ «ተክል» ማለት ነው። ከዚያ ሥላሴ፣ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ ይከተላል።

ስሙን ቆርጦ መጥራት ትርጉሙን የሚያበላሸው ለዚህ ነው። ገብረ ማርያምን «ገብሬ» ብለን ስንጠራው አገልጋይነቱ ይቀርና የማን አገልጋይ እንደሆነ ይጠፋል። በቡና ሰዓት ምንም አይደለም። ለጸሎት ስትሰጡት ግን ሙሉውን ስጡ።

ታዲያ እውነተኛው ስሜ የትኛው ነው?

ሁለቱም። ሐረር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው የራስ መኮንን ልጅ የዓለም ስሙ ተፈሪ ነበር፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስሙ ነው። በጥቅምት 1923 ዘውድ ሲጭን የነገሠው በክርስትና ስሙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በአንጻሩ ሣህለ ማርያም ተብለው ተጠምቀው ሕዝብ የሚያውቃቸው በሌላው ስማቸው ነው፤ ልጃቸው ዘውዲቱም አስካለ ማርያም ነበሩ። የትኛው ስም አደባባይ እንደሚወጣ ዘመኑና ሰውየው ይወስናሉ። በመቅደስ ውስጥ፣ በንስሐ፣ በተክሊልና በፍትሐት ግን የሚጠራው ስመ ክርስትና ነው።

የ40 እና የ80 ቀኑ ቆጠራ እንዴት ነው? ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ያጨቃጭቀናል።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። መሠረቱ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እና መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ በኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ። ጭቅጭቁ የሚመጣው የተወለደበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ መቆጠሩን ከመርሳት ነው።

በጣት ሳትቆጥሩ እንዲህ አድርጉ፦ ለወንድ አንድ ወር ከ9 ቀን፣ ለሴት ሁለት ወር ከ19 ቀን ጨምሩ። ጥር 5 የተወለደ ወንድ የካቲት 14፣ በዚያው ቀን የተወለደች ሴት መጋቢት 24 ትጠመቃለች።

ይህ የማይሠራው ጳጉሜን መሐል ስትገባ ነው። ነሐሴ 1 የተወለደ ወንድ በአቋራጩ መስከረም 10 ይመስላል፤ ነገር ግን ጳጉሜን 5 ቀን ስለምትወስድ 40ኛው ቀን መስከረም 5 ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 4። በየዓመቱ ክረምት የተወለዱ ልጆች ቤተሰብ ዘመድ ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ቀኑን አልፎ የሚገኘው በዚህች ስሌት ነው።

ልጁ ከታመመና የሚያሰጋ ከሆነ ቀን አይጠበቅም። ወዲያው ካህን ጥሩ።

ስመ ክርስትናዬን ረስቼዋለሁ፤ እናቴም አርፋለች። እንደገና ልጠመቅ?

አትጠመቁም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው የማይደገም ስለሆነ ነው። የጠፋው መጠሪያው እንጂ ጥምቀቱ አይደለም።

ፍለጋውን ከሰው ጀምሩ፤ ወረቀት ሁለተኛ ነው። የክርስትና አባት ወይም እናት ካሉ እነሱ ያውቃሉ፤ ስሙ ሲሰጥ አቅፈው የቆሙት እነሱ ናቸውና። ካልተገኙ ክርስትናው ላይ የነበሩ አክስቶችንና የድሮ ጎረቤቶችን ጠይቁ። ድሬዳዋ ውስጥ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ከሆናችሁ ጎረቤት የነበረው ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ጅቡቲ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ደውሉ። ቀጥሎ የቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ በመጨረሻ የተጠመቃችሁበት ደብር የጥምቀት መዝገብ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ የዓለም ስም ከነአባት፣ የተወለዳችሁበትን ቀንና ዓመት፣ የእናት ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ጽፋችሁ ያዙ። «በ80ዎቹ መጀመሪያ ይመስለኛል» ብሎ የሄደ ሰው መዝገብ ገላጩን ሲያለፋ ይውላል።

የልደት ቀን ፍንጭ ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። መጋቢት 3 የተወለደ ወንድ 40ኛው ቀን ሚያዝያ 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው፤ ስለዚህ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ሚካኤል ሊሆን ይችላል። ቄሱ በደብሩ ታቦት ወይም እናት በለመነችው ስም ሰይመውት ሊሆንም ይችላል። በግምት የተገኘውን ስም «የኔ ነው» ብላችሁ አትያዙ።

ሁሉም መንገድ ከተዘጋ ጉዳዩን ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ። በምን ስም እንደምትጠሩ እሳቸው ይወስናሉ። ራስ ለራስ ስም ማውጣት የለም፤ «የሚያምር ነው» ተብሎ ከኢንተርኔት ስም መምረጥም እንዲሁ።

አበልጅ ስመርጥ ምን ልይ?

ለወንድ ልጅ ወንድ፣ ለሴት ልጅ ሴት ይቆማል። የተጠመቀ፣ ሃይማኖቱን የሚያውቅ፣ የራሱ የንስሐ አባት ያለው መሆን አለበት። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን የሚመሰክረው ይህ ሰው ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የማይወጣ ሰው እዚያ ሲቆም ዲያቆኑ ቃል በቃል ሲቀበለው ይሰማል፤ ያሳፍራል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው አበልጁን በኪሱ ሲመርጥ ነው። ወርቅ ያስራል፣ ድግሱን ይረዳል፣ ከዚያ ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ስሙን የሚያስታውሰው ሰው የለም። ከሀብታሙ ይልቅ እዚያው ከተማ የሚኖረው ይሻላል።

የማይረሳ አንድ ነገር፦ በክርስትና የተዛመዱ ቤተሰቦች አይጋቡም። የክርስትና አባታችሁን ልጅ ማግባት አትችሉም፤ እሷ እኅታችሁ ናት። አንድ ግቢ ውስጥ ሁሉም የሁሉም አበልጅ በሆነበት ሰፈር ይህ ከ20 ዓመት በኋላ ችግር ሆኖ ይመጣል፤ ተክሊል ሊያደርጉ ሲሉ ይታወቃል።

በጥምቀቱ ጠዋት ምን እንያዝ?

ነጭ ልብስ፣ ፎጣ፣ የማተብ ክር፣ ተጨማሪ ዳይፐርና ደረቅ ልብስ። ሐረር ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋቱ ስለሚበርድ ወፍራም ጋቢ ጨምሩ፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማላብ ነው የሚታየው። ሕፃኑ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይነከራል፣ ቅብዓ ሜሮን ይቀባል፣ በዚያው ቀን ይቆርባል። ቀኑን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ የሚሰጠው ስም በመዝገብ ሲጻፍም አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ። ልጄን እዚያ እስከማስጠምቅ ላቆየው?

ቁልቢ ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ንግሦች ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ናቸው። ኅዳር 10 የተወለደ ወንድ ወይም መስከረም 30 የተወለደች ሴት 40 እና 80 ቀናቸው ልክ ታኅሣሥ 19 ላይ ያርፋል፤ ለሐምሌው ደግሞ ሰኔ 10 እና ሚያዝያ 30። እንዲህ ከገጠመ ምን ደስ ይላል።

ካልገጠመ ግን ጥምቀትን ለስለት ብሎ ለወራት ማቆየት አይገባም። በቀኑ በሰፈራችሁ ደብር አስጠምቁና ንግሡ ሲደርስ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለቱን አስገቡ። ስለት የተሳላችሁት ልጁን ይዛችሁ ለመምጣት ከሆነ ተፈጸመ። «እዚያው አስጠምቀዋለሁ» ብላችሁ ቃል ገብታችሁ ከሆነ ለካህን ነግራችሁ መፍትሔ ጠይቁ፤ ብቻችሁን አትጨነቁ። የታኅሣሡ ንግሥ ሌሊቱ ብርዳም፣ ሰዉም የማያስተነፍስ ስለሆነ የ40 ቀን ሕፃን ይዞ ከዋዜማው ጀምሮ ሜዳ ላይ ማደርን አንመክርም።

ማተብ ማሰር ግዴታ ነው? ብፈታውስ ክጃለሁ ማለት ነው?

ቃሉ ከግእዙ «ዐተበ» ነው፤ ምልክት አደረገ፣ አተመ። «አማተበ» የምንለውም ከዚያው ነው። ስለዚህ ማተብ ማኅተም ነው፤ በጥምቀት ዕለት ካህኑ አንገት ላይ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ማኅተሙን የመጠበቅ ነው። «ማተቡን በጠሰ» የሚለው ዘለፋ የመጣው ክሩን ፈትተው ሃይማኖታቸውን ከለወጡ ሰዎች ነው፤ «ማተቤን!» ብሎ መማል የተለመደውም ለዚህ ክብር ነው።

ክዳቱ ያለው ልብ ላይ ነው እንጂ ክሩ ላይ አይደለም። ሐኪም ቤት ኤምአርአይ ወይም ኤክስሬይ ልትነሡ ከሆነ የብረት መስቀሉን አውጡ፤ ቀዶ ጥገና ከሆነ ባለሙያዎቹን ታዘዙ። የሚሽከረከር ማሽን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ረጅም ክር አደገኛ ነው፤ አሳጥራችሁ ሸሚዝ ውስጥ አስገቡት። የሕፃንም እንዲሁ፦ ጠባብም ረጅምም አይሁን፣ ከባድ መስቀል አይንጠልጠልበት፣ ሲተኛ ከአንገቱ ቢወርድ ጥምቀቱ አይነካም። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ የጠጣ ጥቁር ክር የሕፃን አንገት ይልጣል፤ ቶሎ ቶሎ እጠቡት፣ ቆዳው ከቀላ ቀይሩት።

ሰው እንዲያይላችሁ የምታወጡትና የምትሸሽጉት ከሆነ ግን ያኔ ጥያቄው ስለ ክር መሆኑ ቀርቷል።

ስመ ክርስትናዬን ለሰው ብናገር ይደገምብኛል ይሉኛል። እውነት ነው?

ፍርሃቱ የመጣው ከየት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ክታብ የሚጽፉና መተት የሚያደርጉ ደብተራዎች የሚጠይቁት ስመ ክርስትናንና የእናትን ስም ነው። በዚህ ምክንያት ስሙን ከሚስቱ የሚደብቅ ሰው አለ። መደበቁ ልማድ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም፤ ለአምላክ የተሰጠ ስም በጠንቋይ እጅ አይወድቅም። ለወዳጃችሁ «በጸሎት አስበኝ፣ ወልደ ገብርኤል ነኝ» ማለት ያማረ ነገር ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ቦታ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ስመ ክርስትናህንና የእናትህን ስም ላክ፣ ይህን ያህል ብር በቴሌብር አስገባ፣ የተደረገብህን እናያለን» የሚሉ አሉ። ካህን ጸሎት አይሸጥም፤ መተት አገኘሁ ብሎም ሂሳብ አይጠይቅም። ስልኩን ዝጉ።

የክርስትና ምስክር ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀትን ይተካል?

አይተካም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። 40ውም 80ውም ከ90 በታች ስለሆኑ ሁለቱን ጉዳይ ሳይዘገዩ መጨረስ ይቻላል፤ የሴት ልጅ ወላጆች ግን ከጥምቀቱ በኋላ የሚቀራቸው 10 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀድመው ይሂዱ። ቀበሌ ላይ የሚመዘገበው የዓለም ስም ነው። ስመ ክርስትናውን መጠሪያ ማድረግ ከፈለጋችሁ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ወስኑ፤ «ወልደሚካኤል» ተያይዞ እና «ወልደ ሚካኤል» ተለያይቶ በሁለት ወረቀት ላይ ከተጻፈ ፋይዳ፣ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ሲመሳከሩ ችግር ይፈጥራል፤ «ሚካኤል» የአባት ስም ተደርጎ የሚጻፍበትም ጊዜ አለ።

አያቴ ያወጣችልኝ ስም ፋጡማ ነው። ልጠመቅ ነው፤ ስሜን መተው አለብኝ?

የለባችሁም። በመታወቂያ ያለው ስማችሁ ይቆያል፤ ጥምቀት አንድ ስም ይጨምራል። አያት በፍቅር ያወጣችውን ስም መርገም ከክርስትና አይደለም። አዋቂ ሆኖ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ንኡሰ ክርስቲያን ሆኖ ይማራል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚወስኑት መምህሩና የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። «ነገ አጥምቁኝ» ማለት አይሠራም፤ «ነገ እናጥምቅሽ» የሚልም ካለ ተጠራጠሩ።

አባቴ አማራ፣ እናቴ ኦሮሞ፣ ሶማልኛ ከጎረቤት ተምሬ ያደግሁ የድሬ ልጅ ነኝ። ተጠምቄ የማን ነኝ?

ይህ ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ ከሌላው ቦታ በላይ ይጠየቃል፤ አንዱን ምረጥ ሲሉት የሚጨንቀው ልጅ ብዙ ነው። ስመ ክርስትና በግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ወለተ ማርያም የምትባለው ልጅ እናቷ በየትኛውም ቋንቋ ብታባብላት ስሟ ያው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 3 ላይ የተጠመቁ ክርስቶስን እንደለበሱ ይናገራል፤ ልብስ ከላይ ይለበሳል፣ ገላን አይፍቅም። ኦሮሞነት፣ አማራነት፣ ድሬነት ከውኃው አብረው ይወጣሉ። የሚቀየረው፣ ከነዚህ አንዱ ሌላውን የሚጠላበት ምክንያት መሆኑ ማብቃቱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በአገሩና በሹመቱ እንጂ በስሙ አልተጻፈም፤ ባኮስ የሚለውን የምናውቀው ከትውፊት ነው። ስለ ማንነት አብዝቶ ለሚጨነቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ ይጠቅማል።

የወንጌላውያን አማኝ ጓደኛዬ «ማንነቴ በክርስቶስ ነው» ትላለች፤ ማተብም ስመ ክርስትናም የላትም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ቃሉን እኛም እንለዋለን። እነሱ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አምኖ ከመሰከረ በኋላ ይጠመቃል፤ እኛ ዘንድ ሕፃኑ ይጠመቅና እምነቱን ያሳድጉታል። ስለዚህ የእኛ ሰው የሚፈተነው በተሰጠው ነገር መተኛቱ ላይ ነው፦ ማተብ አለ፣ ስም አለ፣ ጸሎት የለም። ጓደኛችሁ «ይህ ስም ለአንተ ምን ማለት ነው?» ብትል መልስ እንዲኖራችሁ ተማሩ፤ ክርክሩ ይቆይ።

የንስሐ አባት እንዴት ልያዝ? ሐረማያ የምማር ተማሪ ነኝ።

ካህን መሆን አለባቸው፤ ዲያቆን፣ ሰባኪ ወይም ደብተራ አይናዝዝም። በአካል ልታገኟቸው የምትችሉ ይሁኑ። በትውልድ ቦታችሁ የንስሐ አባት ካሉ መጀመሪያ ለእሳቸው ደውላችሁ አስፈቅዱ፤ ሳይነግሩ ሁለት መያዝ የተለመደው ስሕተት ነው፤ ለአንዱ ቀላሉን፣ ለሌላው ከባዱን መንገር ያመጣል። ግቢ ጉባኤ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ሰንበት ትምህርት ቤት ካህን ያገናኛችኋል። በመጀመሪያው ቀን ስመ ክርስትናችሁን፣ ከቆረባችሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የያዛችሁት ቀኖና ካለ ተናገሩ። ለመቁረብ ከተፈቀደላችሁ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል አለ፤ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከዋዜማው በፊት ንገሯቸው።

ክርስትና ድግስ ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እንዴት እናስተናግድ?

የለመደ ቤት ያውቀዋል። በግ ወይም ፍየል ገዝታችሁ እነሱ ይረዱት፤ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ሰው ይሠራ፤ ሳህንና ጭልፋ አይቀላቀል። ጠላና ጠጅ ከዚያ ገበታ ይራቅ፤ ለስላሳና ውኃ ይቅረብ። ጥምቀቱ ጾም ውስጥ ከዋለ ድግሱ ለሁሉም የጾም ይሆናልና ነገሩ ይቀላል፤ ረመዳን ውስጥ ከዋለ ደግሞ ምግቡን ለአፍጥር ሰዓት ወደ ቤታቸው ላኩላቸው።

የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ ተሳስቶ «ወልደ ገብርኤል» በሚል ፈንታ «ገብረ ገብርኤል» ተጽፏል። ምን ላድርግ?

ወረቀቱን ራሳችሁ አትሰርዙ፤ በፍሉድ የነካችሁት ምስክር ወረቀት ማስረጃነቱ ያበቃል። የክርስትና አባቱን ይዛችሁ ወደ ደብሩ ሂዱ። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ትክክል ከሆነ ወረቀቱን እንደገና ይጽፉላችኋል። ስሕተቱ መዝገቡም ላይ ካለ ያጠመቁት ካህን ወይም የቆመው አበልጅ ምስክርነት ይጠየቃል፤ እነሱ በሕይወትና በከተማው እያሉ ጨርሱት።